በእሳቱ ሰ

ትናንት ማታ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። እኔ ግን ግድ አልሰጠኝም፤ እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ ኪንድል (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው) አንዴ ከተሞላ ሳምንታት ያገለግላል። ከራሱ መብራት ሌላ ስክሪኑ ኃይል የሚወስደው ገጽ ሲገለበጥ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ቀን ጣና ዳር ዋርካ ሥር ስቀመጥ ደግሞ ስልኬ መስታወት ሆኖ የራሴን ፊት ሲያሳየኝ፣ እሱ ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ይነበባል።

ዕቃውን ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። ቤታችን ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ መጻሕፍቴ በየክረምቱ ይሻግታሉ። ካቻምና የታችኛውን መደርደሪያ ምስጥ ከነመጽሐፉ ጨርሶታል።

ግን ትናንት ዓመቱን ሙሉ ያነበብኩትን ስቆጥር ደነገጥኩ። በኪንድሉ 14 መጽሐፍ፣ 14ቱም እንግሊዝኛ። አማርኛ ሁለት ብቻ፤ ሁለቱም ወረቀት፣ አንዱን ባጃጅ ስጠብቅ ከአዟሪ ልጅ የገዛሁት። ቢጠይቁኝ «አማርኛ ማንበብማ አልተውኩም» ብዬ እምል ነበር። ማንም አልከለከለኝም፤ እጄ ላይ የቀረበልኝን እያነበብኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

አማርኛ አልሞከርኩም ማለት አይደለም። በቴሌግራም የሚዞሩት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ ከመጽሐፍ ላይ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። (ደራሲው ሳንቲም እንደማያገኝባቸው እያወቅኩ አውርጃለሁ፤ ይኼም ይጻፍ።) እንግሊዝኛው ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል። ፎቶው ግን ሲተልቅ ከስክሪኑ ይወጣል፤ አንዷን መስመር ለመጨረስ ወደዚህ መግፋት፣ ወደዚያ መመለስ ነው።

ነገሩ የከፋው ለአባባ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የሚያነቡት መስኮት ሥር፣ መነጽር ላይ አጉሊ መነጽር ደርበው ነው። ኪንድሉ በተለይ ለሳቸው ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ፊደሉ እንዴት እንደሚተልቅ ላሳያቸው አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ከፍቼ አውራ ጣት አሳከልኩት። አዩትና ሳቁ።

«እንዲህ የሚያገዝፈው የፈረንጁን ብቻ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

ዕቃው ፊደላችንን ይችላል፤ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ስጭንበት አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ነው) ከገባ እኮ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ነው። የጎደለው የተተየበ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ካለፈው ወር ጀምሮ ማታ ማታ የአባባን አንድ አሮጌ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ እተይባለሁ፤ አራት ገጽ፣ ቢበዛ አምስት። ለሳቸው ብቻ ነው፣ ቴሌግራም ላይ አይወጣም።

ሥራዬን ሲያዩ ዘጌ የቆሎ ተማሪ የነበሩበት ጊዜ ትዝ አላቸው። አንድ ቁም ጸሐፊ ነበር አሉ። የፍየል ቆዳ ወጥሮ ሲፍቅ፣ መቃ ሲቀርጽ ውሎ ማምሻውን ቀለሙን ያሰናዳል፤ ጥላሸቱን የሚወቅጡለት እሳቸው ነበሩ።

«የቅዱሳኑን ስም ታዲያ በቀይ ታደርገዋለህ?»

«ቀይ የለውም፣ አባባ።»

«እንዴት ያለ ድሃ ዕቃ ነው!»

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን 40 ገጾች ጫንኩላቸው። ፊደሉን በጣም ስላተለቁት ስክሪኑ የሚይዘው ስድስት መስመር ብቻ ነው። ያለ አጉሊ መነጽር፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ማንበብ ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ያዘኝ። ትንሽ ቆይተው ጠሩኝ።

«ና እስቲ። ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጽፈኸዋል።»

ኪቦርዱ ላይ ቅርቧ እሷ ናት ብላቸው አልሰሙኝም። ምሳ ላይ ስመለስ ስህተቶቼን ከጥግ እስከ ጥግ ለቅመው፣ በእስክርቢቶ፣ በሁለት ገጽ ወረቀት ዘርዝረው ጠበቁኝ።