«ሁለተኛ አንጣላም» ብሎ የፈረመው ልጄ

ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። በቅርቡ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር (የክፍሎቹ ተቆጣጣሪ) ቢሮ አስገብታው «ሁለተኛ አንጣላም» የሚል ወረቀት ላይ አስፈርማዋለች። ከማን ጋር እንደተጣላ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ከጎኑ የፈረመው የ6ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ሰርቪስ ውስጥ ሲያሰቃየው የከረመው።

ልጄ ሲናገር ይንተባተባል። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ነው። ቤት ውስጥ ማንም አያጣድፈውም፤ ስለ እግር ኳስ ከጀመረማ እራት ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አያልቅም። ክፉኛ የሚይዘው ስሙን ሲጠየቅ ነው። ይሄ ደግሞ የሱ ብቻ አይደለም። የሚንተባተብ ሰው የሚያስቸግረው ቃል ሲመጣበት በሌላ ቃል ቀይሮ ያልፋል፤ ስሙን ግን በምን ይቀይረው?

የሰርቪሱ ልጆች ይህችን ደርሰውባታል። ጠዋት ሚኒባሱ ካዲስኮን ሲያልፍ ከኋላ ወንበር «ስምህን ተናገር» ይባላል። ጎተራ ማሳለጫ እስኪደርሱ አሟልቶ ካልተናገረ ምሳ ዕቃው ይከፈታል። እንቁላል ከሆነ ያልቃል፣ ሽሮ ከሆነ ይመለስለታል (ሽሮዬን ንቀውብኛል ማለት ነው)። እኔ ይህን ያወቅኩት አንድ ማታ ደስ ብሎት ገብቶ «ዛሬ መንገዱ ጥሩ ነበር» ሲለኝ ነው። ምኑ ነው ጥሩ ብለው «ተዘጋግቶ ነበር» አለኝ። መንገዱ ሲዘጋጋ ስሙን ለመናገር ጊዜ ያገኛል።

በማግስቱ ሥራ ሳልገባ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዩኒት ሊደሯ በትሕትና ተቀበለችኝ፤ «እናቴ፣ ሰርቪሱ እኮ የኛ አይደለም፣ በኮንትራት ነው የሚሠራው» አለችኝ። ከቦርሳዬ ደረሰኙን አውጥቼ አሳየኋት። የትምህርት ቤቱ ስምና ማህተም አለበት። ማህተሙን አየት አደረገችና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። ሹፌሩን አነጋገርኩት፤ እሱ እንኳን እውነቱን ነው፣ «እኔ መንገድ ነው የማየው፣ ረዳቷ ከወጣች ወዲህ ማንም አልተተካም» አለኝ። እንግዲህ ያ ሁሉ ልጅ በዚያ ሁሉ መንገድ ያለ ጠባቂ ነው የሚጓዘው።

ዳይሬክተሩ ጋ ስደርስ ነገሩ አጭር ሆነ። «ከፈለጉ ልጁን እንቀጣዋለን» አሉኝ። እንዴት ያለ ቅጣት እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለገም፤ ጎማዋ መደርደሪያው ላይ ነበረች። አልፈልግም አልኩ። የሰው ልጅ እንዲገረፍልኝ አይደለም የመጣሁት፤ ደግሞም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ይላል። አንቀጹን ስጠቅስ ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ ምን እናድርግልዎ? እናስታርቃቸው?»

በሳቸው ዓለም ያለው መፍትሔ እንግዲህ ሁለት ነው፤ ወይ ጎማ፣ ወይ እርቅ።

እርቁ ተደረገ። የዚያኛውን ልጅ እናት ጠሯት፤ ጨዋ ሴት ናት፣ ደንግጣ ነበር፣ እሷ ላይ ቂም የለኝም። ልጆቹን አሳቀፏቸው፣ አሳሳሟቸው፣ አስፈረሟቸው። ሁሉም ነገር ከሻይ ሰዓት በፊት አለቀ። አባቴ በሰፈሩ የታወቀ ሽማግሌ ነበር፤ እርቅ ምን እንደሚመስል እያየሁ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ነገሩ ይሰማል። በዳይ በደሉን ያምናል፣ ይክሳል፣ ዋስ ይጠራል። አባቴ ፊት «ሁለታችሁም ተዉ» ብሎ ነገር አይታለፍም ነበር። እዚህ ግን የሰርቪሱን ነገር ከፍቶ «ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔ ባንክ ነው የምሠራው፤ ካዝና ሲጎድል ገንዘብ ያዧንና ብሩን የወሰደውን ሰው አቅፈው እንዲሳሳሙ አናደርግም።

የወረቀቷ ጉዳት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። የ6ኛ ክፍሉ ልጅ አሁን አፉን አይከፍትም፤ ካዲስኮ ሲደርሱ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ በቃ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የለም። ልጄ «ለእማዬ እናገራለሁ» ሲለው የመለሰለት ደግሞ «ታርቀናል እኮ፣ ከተናገርክ ቃል ያፈረስከው አንተ ነህ» የሚል ነው። የ11 ዓመት ልጅ ወረቀቷ ለማን እንደምትጠቅም ከዳይሬክተሩ ቀድሞ ገብቶታል።

ወላጆች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። የማንንም ስም አላነሳሁም፣ ስለ ረዳቷ ብቻ ነው የጠየቅኩት። አንዱ አባት «ልጆች ናቸው፣ ወንድ ልጅ ትንሽ መጠንከር አለበት» አለ። ሁለት እናቶች በውስጥ መስመር የነሱም ልጆች ኋላ ወንበር መቀመጥ እንደሚፈሩ ነገሩኝ፤ ግሩፑ ላይ ግን አልተነፈሱም። ማታ ላይ አድሚኑ መልእክቴን አጠፋው። ቀጥሎ የተለጠፈው፣ ዓርብ ከለር ዴይ ስለሆነ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ቢጫ ለብሰው እንዲመጡ የሚል ማስታወቂያ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው የለም እያልኩ አይደለም። የአማርኛ መምህሩ ማንም ሳይነግረው ልጄን ከጓደኛው ጋር አብሮ ያስነብበዋል። ከሰው ጋር እኩል ሲያነብ ልሳኑ አይያዝም፤ የሚንተባተቡ ብዙዎች እንዲህ ናቸው። በ50 ተማሪ መሀል አንድ መምህር ይህን ማስተዋል ከቻለ፣ ዳይሬክተር፣ ዩኒት ሊደርና ሱፐርቫይዘር ያለው ቢሮ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ማወቁ ወጪ ያመጣል። የረዳት ደመወዝ ያመጣል።

የባንካችን ነገረ ፈጅ አንድ ነገር ነገረኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ጊዜ ግን ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይዞራል። ለመክሰስ አላሰብኩም፤ ማን ለልጅ ምሳ ዕቃ ብሎ ፍርድ ቤት ይመላለሳል? ደብዳቤ ግን ጽፌያለሁ። ሰርቪሱ ላይ ረዳት ይመደብ፣ የሆነው ነገር እንደሆነው ይመዝገብ፣ ልጄ የፈረመባት ወረቀት ከፋይሉ ትውጣ ብያለሁ። ግልባጩን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ። መልስ አልመጣም።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት እኔ በታክሲ አደርሰዋለሁ። ሥራ አረፍዳለሁ፤ አለቃዬ ለጊዜው እንዳላየ እያለፈኝ ነው። የዚህን ወር የሰርቪስ ሂሳብም አልከፈልኩም። ትናንት ከትምህርት ቤቱ ፋይናንስ ክፍል ተደወለልኝ፤ ቅጣት ሳይጨመርብኝ ቶሎ እንድከፍል። ሰርቪሱ የማን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የነገሩኝ ያኔ ነው።