ፀጉሩ የደበቀብኝ

ወንድ ድመት ያላችሁ ሰዎች፣ ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይቺን አንብቡ። ድመታችሁ የሚጸዳዳበት አሸዋ ሳጥን ውስጥ ገባ ወጣ እያለ ካማጠ፣ ከሥሩ ግን እርጥብ ነገር ካጣችሁ፣ ሽንቱ ታግዶ ሊሆን ይችላልና ለነገ አታሳድሩት። ሌሊትም ቢሆን፣ የበዓል ቀንም ቢሆን ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ይህን አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ጎፈሬ ያን ሁሉ ስቃይ አያይም ነበር።

ጎፈሬ የድመቴ ስም ነው። ግራጫና ነጭ፣ ፀጉረ ረጅም፣ የተኮላሸ ወንድ። ያኔ 6 ዓመቱ ነበር፤ 7.8 ኪሎ ይመዝናል። ወፍራም ነው ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እህቴ "ኧረ ይሄ ድመት በጣም ወፈረ" ስትለኝ እቆጣት ነበር። "ፀጉሩ ነው" እላታለሁ። ፀጉሩ አልነበረም። ፀጉሩ ውፍረቱን ሸፍኖብኛል፣ ሆዱ ሥር የተቋጠረውን ጉድ ሸፍኖብኛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕመሙን ሸፍኖብኛል።

ነገሩ የጀመረው የጎፈሬ ሽንት ከታገደባት ሌሊት ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ከኋላ እግሮቹ መካከል ነጩ ፀጉር ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አየሁ። ክሊኒክ ወሰድኩት። ሽንቱን ሳይመረምሩ "ኢንፌክሽን ነው" አሉና አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። በሳምንቱ ተሻለው። መድኃኒቱ ሠራ ብዬ አመሰገንኳቸው። ኋላ ላይ ስረዳ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ድመቶች ላይ የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ብዙም አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው የሚቆጣው ያለ ጀርም ነው፤ ጭንቀትም ትልቅ ድርሻ አለው። እንዲህ ያለው ሕመም በሳምንት ገደማ በራሱ ጋብ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ያን ቀን አንድ ጠብታ ሽንት በማይክሮስኮፕ ታይቶ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። አሁንም ያናድደኛል።

በነዚያ ሁለት ወራት ጎፈሬ የታችኛውን ሆዱን አብዝቶ ይልስ ነበር። "እንዴት ያለ ንጹሕ ድመት ነው" እያልኩ ደስ ይለኛል። ድመት የሚያመውን ቦታ ይልሳል። ፊኛው የታመመ ድመት ሆዱን እስኪመለጥ ድረስ ሊልስ ይችላል። ፀጉሩ አጭር ቢሆን መላጣውን አየው ነበር። የሱን ግን ከላይ የተኛው ረጅም ፀጉር ሸፍኖታል።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ቆፈረ፣ ቁጢጥ አለ፣ ቆየ፣ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ገባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ጀርባው ጎብጦ ያምጣል። ማማጥ ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ሆድ ድርቀት። ምግቡ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግሁለት። አልቀመሰውም። ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሆዱን አሸሁት። የተወጠረ ፊኛ ሲጫኑት ሊፈነዳ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል።

3 ሰዓት ተኩል ላይ ክሊኒኩ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት "ምግብ በልቷል?" አለችኝ።

"ጠዋት በልቷል፤ አሁን ግን ዝም ብሎ ያምጣል።"

"ድርቀት ሊሆን ይችላል። ውሃ ይስጡት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘውት ይምጡ።"

አለቀ። ወንድ ነው ወይስ ሴት ብላ አልጠየቀችኝም። ዛሬ ሸንቷል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ግማሽ ደቂቃ አይፈጁም፤ የጎፈሬን ሌሊት ግን ሙሉ በሙሉ ይለውጡት ነበር። የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ የሚያነሳ ሰው ሌላ ምንም ባይማር እነዚህን ሁለቱን መማር አለበት። ይህን ለክሊኒኩ ኃላፊ በጽሑፍ አስገብቼ ነበር። መልስ አላገኘሁም።

የራሴን ጥፋት ግን እሷ ላይ አልጥልም። ስልኩን እንደዘጋሁ እፎይ ብዬ ተኛሁ። ሳጥኑን በየቀኑ አጸዳ ኖሮ፣ ቀኑን ሙሉ በሽንት የረጠበ አንድም አዲስ የአሸዋ ጓል እንደሌለ በባትሪ ብርሃን አይ ነበር። ሳጥኑ ግን ሦስት ቀን ስላልጸዳ አሮጌው ከአዲሱ አይለይም ነበር።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። የሱ ድምፅ አይመስልም፤ ዝቅ ያለና የሚጎትት ነው። አልጋ ሥር ተወሽቆ አገኘሁት። አስመልሷል። እጄን ስዘረጋ አፈገፈገ። ንጋት ላይ ጩኸቱን አቆመ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ አቅም አጥቶ ነው።

ጠዋት ሐኪሙ ሆዱን በጣቶቹ ነካ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። "ፊኛው እንደ ድንጋይ ነው። ከሸና ስንት ሰዓት ሆነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ለመዝጋት ከንፍጥና ከክሪስታል የተሠራ ትንሽ ውታፍ ይበቃል። ሽንት መውጫ ሲያጣ ኩላሊት ማጣራት ያቆማል። ደም ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፤ እሱ ደግሞ ልብን ያዘገያል። ሙሉ በሙሉ የታገደ ድመት በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀድሞ ሊሞት ይችላል። የጎፈሬ ፖታሲየም 8.4 ደርሶ ነበር፤ የጤነኛ ድመት ከ5.5 ብዙም አያልፍም። ልቡ በደቂቃ 110 ጊዜ ይመታል። የፈራ ድመት ሐኪም ፊት ከ160 በላይ መምታት ነበረበት።

መጀመሪያ ልቡን የሚጠብቅለት ካልሲየም ሰጡት። ቀጥሎ ፖታሲየሙን ከደሙ ወደ ሴሎች የሚያስገባ ግሉኮስና ኢንሱሊን። ከዚያ ማደንዘዣ። ከዚያ ሽንቱን የሚያስወጣውን ቱቦ ሊያስገቡ ሲሉ አልቻሉም። አካባቢው ያለው ፀጉር በሽንትና በአሸዋ ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ደድሯል። መላጨት ነበረባቸው። ሥሩ ያለው ቆዳ በሽንት ተቃጥሎ ቀልቷል። ረዳቷ ቀና ብላ "አያበጥሩትም እንዴ?" አለችኝ።

አበጥረው ነበር። በየቀኑ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ጀርባውን። ከላይ የሚያብረቀርቅ ፀጉር ከሥሩ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም። ጎፈሬ ራሱም ሆዱን ቢልስ እንኳ እስከ ሽንት መውጫው አይደርስም፤ ውፍረቱ ወገቡን አያጥፍለትም። ራሱን የማያጸዳው፣ የሚቋጠረውና የሚታመመው በአንድ ምክንያት መሆኑ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ሦስት ቀን ተኝቶ ታከመ። እገዳው ከተከፈተ በኋላ ኩላሊት የተጠራቀመውን በብዛት ስለሚለቅ፣ የሚወጣውን እየለኩ በደም ሥር ፈሳሽ ይተኩለት ነበር። ሽንቱ ውስጥ ስትሩቫይት የሚባለው ክሪስታል ተገኘ። ጀርም አልተገኘም። ስትሩቫይት በምግብ ሊሟሟ ይችላል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ዓይነት ጠጠር ግን በምግብ አይሟሟም። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ማንም የነገራችሁን "የሽንት ምግብ" ገዝታችሁ አትመግቡ።

ሲወጣ የሰጡኝ ወረቀት ሁለት መስመር ነበር። የሕመም ማስታገሻና ልዩ ምግብ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተመልሶ የመታገድ ዕድሉ ከፍተኛ እንደሆነ አይልም። እኔ ከሌላ ቦታ አንብቤ ነው የደረስኩበት። በስድስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ሲያምጥ ሳየው ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላስር ይዤው ሮጥኩ። ፊኛው ባዶና ለስላሳ ነበር፤ ቧንቧው ከቁስሉ የተነሳ ስለሚቆጣ ነው ያማጠው። ሐኪሙን "እጄን እርስዎ ያስቀምጡልኝና ፊኛውን ልወቀው" አልኩት። ሳልጫን በጣት ጫፍ እንዴት እንደሚዳሰስ አሳየኝ። ይህን ትምህርት ወንድ ድመት ያለው ሰው ሁሉ ጠይቆ ማግኘት አለበት ባይ ነኝ።

ውሃ ላይ ብዙ ጊዜ አባከንኩ። የሚፏፏ የውሃ ዕቃ ገዛሁለት፤ ዞር ብሎም አላየው። ድመት ከበረሃ ድመት ዘር የወጣ ነው፤ ጥማት ቶሎ አይሰማውም። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ነው። የታሸገው እርጥብ ምግብ ግን ከ75 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ክሊኒኩ "ደረቁ ልዩ ምግብ ይበቃዋል" ብሎኝ ነበር። አልተስማማሁም። ያንኑ ልዩ ምግብ በእርጥቡ ጠየቅሁ፤ በየምግቡ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ እጨምራለሁ። የሽንቱ ጓሎች በሳምንት ውስጥ ትላልቅ ሆኑ።

ምግቡን ስለውጥ ግን ሌላ ስህተት ሠራሁ። በአንድ ቀን ቀየርኩበት፣ መጠኑንም በግማሽ ቀነስኩ። አልበላም። "ሲርበው ይበላል" ብዬ አንድ ቀን ተኩል ጠበቅሁ። ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላ ስብ ጉበቱ ላይ ይወርድና ጉበቱ ሊደክም ይችላል። ሐኪሙ በስልክ ሲቆጣኝ ነው የቀድሞውን የመለስኩለት። ሁለተኛው ሙከራ አሮጌውን ከአዲሱ እየቀላቀልኩ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ክብደቱን የቀነስነው እንዲህ ነው። ሊደርስበት የሚገባው 5.5 ኪሎ ስለሆነ፣ ሐኪሙ በዚያ ክብደት አስልቶ በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ወሰነለት። ማሸጊያው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እርሱት። ለእኔ የሚነግረኝ 7.8 ኪሎውን እንዴት እንደምጠብቅ ነበር፤ የተኮላሸና ቤት የሚውል ድመት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚፈልገው። በስኒ መስፈሩንም ተውኩ። በግራም ሚዛን እለካለሁ። በየሳምንቱ አንድ ቀን እሱንም እመዝነዋለሁ። በሳምንት ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ከቀነሰ በቂ ነው፤ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። በፀጉራም ድመት ላይ ዓይን አይታመንም። ጎኑን ስትዳብሱት ጎድን አጥንቶቹ ሳትጫኑ ካልተቆጠሩላችሁ ወፍሯል። ጎፈሬ 5.7 ለመድረስ ስምንት ወር ፈጀበት። በአራተኛው ወር ወገቡን አጥፎ ጀርባውን ሲልስ አየሁት። አለቀስኩ።

ፀጉሩን በተመለከተ፣ ብሩሹን ጣልኩት። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ነው የምጠቀመው፤ ሥሩ ድረስ ይገባል። ብብቱን፣ ከጆሮው ኋላ፣ ሆዱንና የኋላ ጭኑን ነው የማየው። ጀርባው ራሱን ይችላል። ሁሉም "በቀን 15 ደቂቃ አበጥሩ" ይላል። ለጎፈሬ 15 ደቂቃ ትግል ነው፤ ጭንቀቱም ፊኛው ላይ ይመጣል። ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አደርገዋለሁ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ እዚያው አቆማለሁ።

የተቋጠረ ፀጉር በመቀስ አትቁረጡ። ቆዳው ወደ ቋጠሮው ውስጥ ይሳባል፤ ከወረቀትም ይሳሳል። እኔ ብብቱ ላይ ቆርጬዋለሁ። ጠባሳው አለ። በቶንዶስ ነው የሚነሳው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን። ሳይፈቱ ማጠብም ቋጠሮውን ያጠብቀዋል። ፀጉረ ረጅም ድመት አይላጭም የሚሉኝ አሉ። እኔ የታችኛውን ሆዱንና የሽንት መውጫውን ዙሪያ በየ6 ሳምንቱ አሳጥርለታለሁ፤ ለመልክ ብዬ አልተውም። አሁን አንዲት ሮዝ ጠብታ ብትኖር በዚያው ቀን አያታለሁ።

ሳጥኑ ሁለት ሆኗል፤ ሰፋፊና ክዳን የሌላቸው። ጠዋትና ማታ እየዛቅሁ ጓሎቹን እቆጥራለሁ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ወረቀት እጽፋለሁ። ከወረቀቱ በላይ ሌሊት የሚሠራው ክሊኒክ ስልክ አለ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጓል ነበር፤ አንደኛው ከወትሮው አነስ ይላል። ፊኛውን ዳሰስኩት፣ ለስላሳ ነው። ማታ ደግሞ አያለሁ።