የሐ ስትሄዱ ዋልያዎቹን ሳታዩ አትመለሱ

ትግራይ ውስጥ፣ አድዋ አጠገብ ወዳለችው የሐ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያፈጠው ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተነባብሮ ከ2500 ዓመት በላይ የቆመ ግድግዳ ነው። እኔን ግን ይዞ ያስቀረኝ እዚያው ግቢ ያለው የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ዋልያ የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች ገብተዋል፣ ዋልያዎቹ ባለ ትልልቅ ቀንድ ናቸው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የተቀረጹት ክርስትና ሳይመጣ፣ አልመቃህ የሚባለው አምላክ በሚመለክበት ዘመን ነው። የአሁኑ ሕንፃ የ1940ዎቹ ነው፤ ግንበኞቹ ግን ድንጋዮቹን «የጣዖት ናቸው» ብለው አልሰበሯቸውም፣ መሠረት ውስጥም አልቀበሯቸውም። ሰው ሁሉ በሚያያቸው ቦታ አስገቧቸው። ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኛል።