ጉንጩ ሞልቶ «አልቅምም»

ሐዋሳ ላይ የባጃጅ ሹፌሮችን ስለ ጫት፣ ስለ አልኮልና ትራማዶል ስለሚባለው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን የሚጠይቅ ጥናት ላይ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ሠርቻለሁ። ውጤቱ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሱስ መከላከል ዕቅድ ግብዓት ይሆናል ተብሏል። መጠይቁ አልቆ የመጣው ከላይ ነው። የእኛ ድርሻ ታብሌት ይዞ መዞር ነበር።

ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ በቅርብ የተመረቁ ልጆች ሲሆኑ አንዷ ግን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላቸው። አቶቴ አካባቢ አብሬያቸው የቆምኩበትን ቃለ መጠይቅ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ልጁ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ከኋላ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ግራ ጉንጩ ተወጥሯል፣ እግሩ ሥር ገራባ ተበትኗል፣ በእጁ ግማሽ የደረሰ ሃይላንድ ይዟል። ቤት እንድታሳየን ከቀበሌ የተመደበችው ልጅ ከሲስተር ጎን ቆማለች። ጥያቄውን እንደተጻፈ ማንበብ ግዴታ ስለሆነ ሲስተር አነበቡ፦ «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ጫት ቅመዋል?»

ልጁ የቀበሌዋን ልጅ አየት አደረገ። ቅጠሉን በምላሱ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ «ኧረ ማዘር፣ እኔ አልቅምም» አለ። ሲስተር ፊታቸው ሳይለወጥ «አይ» የሚለውን ነክተው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፉ።

ጫት እንደሆነ በሕግ አልተከለከለም። ከወንዶ ገነት ተቆርጦ ሳይጠወልግ ከተማ የሚገባ፣ ስንቱ ገበሬና ነጋዴ የሚያድርበት ቅጠል ነው። ታዲያ ለምን ይዋሻል? መልሱ ከሲስተር ጎን የቆመችው የቀበሌዋ ልጅ ናት። ከቀበሌ የመጣ ሰው ባለበት ስለ ሱስ የሚናገር ሹፌር ነገ የባጃጅ ማኅበሩ ምን ይለኝ ይሆን፣ ስሜ የት ይደርስ ይሆን ብሎ ያስባል። ያውም እናቱ ግቢ ውስጥ እየሰማች። የቤት ለቤቱ መረጃ ተጠቃልሎ ሲታይ ሐዋሳ ውስጥ ጫት የሚቅም የባጃጅ ሹፌር የለም ሊባል ምንም አልቀረውም ነበር።

ቢሮ ስንሰበሰብ አስተባባሪያችን «ሰብሳቢው በዓይኑ ያየውን የሚመዘግብበት ዓምድ እንጨምር» አለ። አንዱ ደግሞ የሽንት ምርመራ ይደረግ አለ፤ በጀቱ ሲነገረው ተወው። ሲስተር ግን በመጀመሪያው ሐሳብ ተቆጡ። «የስምምነት ቅጹን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ‹የነገርከኝን ብቻ እጽፋለሁ› ብዬው ስሰልለው ልዋል? እንዲህ ከሆነ የፖሊስ ሥራ ነው፣ ለፖሊስ ስጡት።» ያ ዓምድ ዳግም አልተነሳም።

በምትኩ ሁለት ነገር ተሞከረ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ ከቀበሌ የምትመጣዋ ልጅ ሰፈሩን አሳይታ እንድትመለስ፣ ቃለ መጠይቁም ግቢ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ባጃጅ ተራ አካባቢ፣ ከጓደኞቹ ራቅ ተብሎ እንዲሆን። ሁለተኛው የሳንቲም ዘዴ ነው። ስታንሊ ዋርነር የሚባል አሜሪካዊ እ.አ.አ. በ1965 ካቀረበው ሐሳብ የተቀዳ ነው። ሹፌሩ አንድ ብር ሳንቲም ጠያቂው ሳያየው ይወረውራል። አንበሳው ከወጣ፣ ቃመም አልቃመም «አዎ» ይላል። ሚዛኑ ከወጣ እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ «አዎ» ያለውን ሰው ቃሚ ነው ብሎ የሚይዘው የለም። ለምሳሌ ከ100 ሰው 65ቱ «አዎ» ቢሉ፣ 50 ያህሉ በአንበሳው ምክንያት ነው። የተረፉት 15 ሚዛን ከወጣላቸው 50 ሰዎች መካከል ናቸው፤ ግምቱ 30 በመቶ ይሆናል። የማንም ምስጢር ሳይወጣ የጠቅላላው መጠን ይታወቃል።

ወረቀት ላይ ያምራል። ተራ ላይ ግን አንድ አባት «ቁማር ነው፣ ልጄ፣ እኔ አልነካም» ብለው ተነሱ። አንዱ ወጣት ደግሞ አንበሳ ወጥቶለት «አዎ በል ማለታችሁ አይገባኝም፣ ያልቃምኩትን ቃምኩ አልልም» አለ። እንዲህ ያሉ ሲበዙ ግምቱ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ላይ ግማሹ መልስ የሳንቲሙ ስለሆነ ከቀጥታው ጥያቄ የበለጠ ብዙ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለእኔ የበለጠ ዋጋ ያለው ሲስተር ያስጨመሯት አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ምርቃናውን (የጫቱን መነቃቃት) በምን ትሰብረዋለህ?» መጠይቁ ቃመ፣ አልቃመም ብሎ ብቻ ነበር የሚቆጥረው። በርጫ ጨርሶ ቤቱ የሚተኛው ሹፌርና ምርቃናውን ሊሰብር ጨብሲ ብሎ አረቄ ከጠጣ በኋላ ማታ መሪ የሚይዘው ሹፌር በአንድ ሳጥን ገብተው ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ኪኒን የሚውጥም አለ። ለዕቅድ አውጪ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ቅጠሉን መከልከል ሁለተኛውን ከአረቄ ቤት አያስቀረውም።

አንዱ ባልደረባችን «እውነቱ ቢጣራስ ማን ይሰማዋል?» እያለ የእንግሊዝን ነገር ያነሳብን ነበር። የመንግሥታቸው አማካሪ ምክር ቤት እ.አ.አ. ጥር 2013 የጉዳቱ ማስረጃ ለክልከላ አይበቃም ብሎ ጻፈ፤ ሰኔ 2014 ጫት ታገደ። እውነት ነው። ግን እዚያ ወረቀቱ ስላለ ማን ምን እንደመከረ፣ ማን እንዳልሰማ ይታወቃል። ጉንጩ የሞላ ልጅ «አልቅምም» ያለበት ሰነድ ቢሰማስ ምን ሊጠቅም?

ሪፖርቱ ሲቀርብ ያልጠበቅነው ጣጣ መጣ። የቀድሞው ዙር የተሠራው በድሮው ዘዴ ነበርና አዲሱ ቁጥር ብዙ እጥፍ ሆኖ ታየ። ስብሰባውን የመሩት ኃላፊ ደነገጡ። «በዚህ ፍጥነት ነው የጨመረው?» አሉ። የጨመረው ቃሚው ሳይሆን የሚናገረው ነው ብለን ስናስረዳ ጊዜው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አድርገን፣ ከሥር የቱ በምን ዘዴ እንደተጠየቀ ጽፈን ላክን። ለቀጣዩ ስብሰባ ስላይዱን ያዘጋጀው ልጅ ቦታ ጠበበኝ ብሎ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ቆርጦ ጣለው። ሲስተር ደወሉለት፤ ፊደሉን አሳንሶ መለሰው።