ድዴ ሲደማ ብሩሼን ሸሸሁ፤ ጥፋቴ እሱ ነበር

የተፋሁት አረፋ ሮዝ ሆኖ ያየሁት ቀን ደንግጬ መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ ቆምኩ። በማግስቱም ደማ። ከሳምንት በኋላ ግን ለመድኩት፤ ውሃ ለቀቅ አደርግበትና እወጣለሁ። ከዚያ ደግሞ መላ ያገኘሁ መሰለኝ፤ የሚደማውን ቦታ መቦረሽ ተውኩ። በስተግራ፣ ከታች፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ መንጋጋዎች አካባቢ ነበር። ብሩሹ እዚያ ሊደርስ ሲል እጄ በራሱ ይመለሳል። እጄ ላይ ቁስል ቢኖር በብሩሽ አልፈትገውም፣ ድዴንም ካልነካሁት ይሽራል ብዬ አሰብኩ።

በኋላ ስለዚህ ነገር ካወራኋቸው ጓደኞቼ መካከል «እኔም እንደዚያው ነኝ» ያላለኝ ጥቂት ነው። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ዓመት ከምናምን እንደዚህ ቆየሁ። መድማቱ እንኳ የቀነሰ መሰለኝ፤ ስለማልነካው ነዋ። ከዚያ አንድ ሌሊት ጥርሴ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ያመመው ያውቀዋል፤ ከልብ ምት ጋር እኩል ይመታል፣ ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ ቁጭ ሲሉ ትንሽ ይለቃል። እስኪነጋ ትራስ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው ከዚህ በፊት የነገረኝ ትዝ ብሎኝ አስፕሪን አድቅቄ ድዴ ላይ አደረግኩበት። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጠዋት ሳየው ድዴ ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ አስፕሪን አሲድ ስለሆነ ሥጋውን ያቃጥለዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ሲዋጥ ነው፣ እሱም እስከ ሐኪም ቤት ለማድረስ ያህል።

የሄድኩት ቤተሰባችንን ሁሉ የሚያክሙት የጥርስ ሐኪም ጋ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። በራጅ ሲያዩት ሁለቱ መንጋጋዎች በሚነካኩበት ጎን፣ ብሩሽ በማይገባበት ቦታ፣ አንደኛው ተቦርቡሮ እስከ ነርቩ ደርሷል። በማደንዘዣ ነርቩን አውጥተው ሥሩን አጸዱት፣ በሌላ ቀጠሮ ሞሉት፣ በኋላ ከላይ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ አደረጉበት። ጥርሱ ተረፈ። ስለዚህ ክፍል ብዙ አልጽፍም፤ ከፈራሁት በጣም የቀለለ ነበር፣ በጣም ያመመኝ ከመሄዴ በፊት ያለው ሌሊት ነው።

ከአእምሮዬ የማይወጣው ግን የድዴ ምርመራ ነው። ሚሊሜትር የተሰመረባት ቀጭን ዘንግ አለች። እሷን በጥርስና በድድ መካከል ቀስ አድርገው ያስገቡና ምን ያህል እንደገባች እየጠሩ ረዳታቸውን ያጽፋሉ። አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። «ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት።» ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ ሲሄዱ ድምፃቸው ትንሽ ቀነሰ። «አራት። አምስት። አምስት።» ለጤነኛ ድድ እስከ ሦስት ጥሩ ነው። አምስት ማለት ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል፣ ከሥሩ ያለው አጥንትም መሸሽ ጀምሯል ማለት ነው። እኔ የሸሸሁት ቦታ ላይ።

ለምን እንደማልቦርሸው ነገርኳቸው። «ስለሚደማ» አልኩ።

«ልጄ፣ ድድሽ የሚደማው ስላልቦረሽሽው ነው» አሉኝ። «ቆሻሻው እዚያ ስለተቀመጠ ነው የሚቆጣው። አንቺ ደግሞ ሲቆጣ ትተሽለት ትሄጃለሽ።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ጥርሳችን ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ስስ ንጣፍ አለ፤ ፕላክ ይሉታል። ምላሳችሁን በጥርሳችሁ ላይ ስታሳልፉት ቀን መጨረሻ ላይ ሸካራ የሚለው እሱ ነው፤ ብዛት ያለው ሕያው ባክቴሪያ ነው። ድዱ ጠርዝ ላይ ሲከማች ሰውነት ይዋጋዋል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ድዱ ያብጣል፣ ይሳሳል፣ ሲነካ ይደማል። እዚህ ደረጃ ላይ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ካልተነካ ግን ምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ፕላኩን ያደነድነውና ታርታር ይሆናል፣ እንደ ድንጋይ ይጣበቃል። ታርታርን ብሩሽ አያነሳውም፤ ጥርስ መታጠብ ያስፈልጋል፣ በሐኪም እጅ። እሱም ካልተደረገ አጥንት ይሄዳል፣ የሄደ አጥንት ደግሞ እንደነበረው አይመለስም። ይህን ሁሉ ያለ ምንም ሕመም ነው የሚያደርገው። የሚናገርበት ቋንቋ ቢኖር ያ ደም ብቻ ነው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ እሱም አይታየውም፤ ማጨስ የድድ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ድዱ ታሞም ላይደማ ይችላል።

ታርታሩን በሁለት ቀጠሮ አጸዱልኝ። ከዚያ ብሩሽ አስያዙኝና መስታወት ፊት አቆሙኝ። «እንደምትቦርሺው ቦርሺ።» ቦረሽኩ፤ ወደ ጎን፣ በኃይል፣ እንደ ወለል። እጄን ያዙኝ። ብሩሹን ጋደም አድርገው ግማሹ ፀጉር ጥርሱ ላይ፣ ግማሹ ድዱ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አደረጉት፤ ወደ 45 ዲግሪ ማዘንበል ነው። ከዚያ በጣም ትንሽ፣ ሁለት ጥርስ ብቻ የምታህል ንቅናቄ፣ ወዲህ ወዲያ፣ አስር ጊዜ ያህል። ከዚያ ወደሚቀጥሉት ሁለት። ብሩሹ ለስላሳ መሆን አለበት። ጠንካራ ብሩሽ ይበልጥ ያጸዳል የሚለው እምነቴ ድዴን ፊት ለፊት ዝቅ አድርጎት ቆይቷል፤ ለካ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ የሚነዝረኝ ሥሩ ስለተገለጠ ነው።

ቤት ስገባ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ መቦረሽ የምጀምረው ከዚያች ከሸሸኋት ቦታ ነው። ድሮ ፊት ለፊት ያሉትን ጀምሬ፣ ኋላ ስደርስ ደክሞኝ፣ ያለችውን ትዕግሥት ጨርሼ ነበር። አሁን ምርጡን ደቂቃ የምታገኘው እሷ ናት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ደማች። እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ቀን ላይ ልተው ነበር። አልተውኩም። በሳምንቱ መጨረሻ አረፋው ላይ ትንሽ ክር የምታህል ደም ብቻ ቀረ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠፋ። የድዱም መልክ ተቀየረ፤ ያ የሚያብረቀርቅ ቀይ እብጠት ሄዶ ጠበቅ ብሎ ጥርሱን ያዘው።

በደንብ እያጸዳችሁ ሁለት ሳምንት አልፎ አሁንም ከደማ፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ስኳር ያለባችሁ ከሆነ ጊዜ ሳትሰጡ ለሐኪም አሳዩ። ስኳር በሽታና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

ክሩ ላይ ብዙ ታገልኩ። ብሩሽ ሁለት ጥርሶች የሚነካኩበትን ጎን አይደርሰውም፣ የእኔም ጥርስ የተቦረቦረው እዚያ ነው፣ ስለዚህ የጥርስ ክር መጠቀም አማራጭ አልነበረኝም። ግን ማታ ልተኛ ስል እጄ አይታዘዝም፤ ነገ ይሁን እያልኩ ብዙ ማታ አለፍኩ። የፈታልኝ ሰዓቱን መቀየር ነው። ልክ እራት እንደበላሁ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ፣ ክሩን እጨርሳለሁ፤ ለመኝታ የሚቀረኝ መቦረሽ ብቻ ነው። ክሩን ወደ 45 ሴንቲሜትር ቆርጦ በሁለቱ የመሐል ጣቶች መጠምጠም፣ በኃይል ሳይጫኑ እያንሸራተቱ ማስገባት፣ ከዚያ አንዱን ጥርስ አቅፎ ከድዱ ሥር ወደ ላይ መጥረግ፣ ከዚያ ሌላኛውን። ድዱን መምታት የለበትም። ክፍተታቸው ሰፋ ያሉ ጥርሶች ላይ ደግሞ ትንሿ የመሐል ብሩሽ ከክር ትሻላለች፤ እኔም ኋላ ላይ እሷን ነው የምጠቀመው።

ሌላው የገረመኝ መጉመጥመጥ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቦርሼ ስጨርስ በውሃ ሦስት አራት ጊዜ እጉመጠመጥ ነበር። «ሳሙናውን ለምን ትጥይዋለሽ?» አሉኝ። የጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚሠራው ጥርሱ ላይ ሲቆይ ነው። አሁን አረፋውን ብቻ እተፋለሁ፣ ውሃ አልጨምርበትም። መጀመሪያ ደስ አይልም፣ በአራት በአምስት ቀን ይለመዳል። ለአዋቂ ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደሆነ የሚለካበት) ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ጥሩ ነው፣ ማሸጊያው ጀርባ ላይ ይጻፋል። ከማስታወቂያው ይልቅ ያቺን ቁጥር እዩ። የማታውን ደግሞ በፍጹም አትዝለሉ፤ ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል፣ ጥርስን የሚጠብቀው ምራቅ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የሻዩ ነገር ነው። ሥራ ላይ ስሆን ስኳር ያለው ሻይ አጠገቤ አይጠፋም፣ በየአስር ደቂቃው ፉት እላለሁ። በቀን የማደርገው ስኳር ሲቆጠር ብዙ አይደለም፣ ስለዚህ ችግር አለው ብዬ አላሰብኩም። ችግሩ ያለው በስንት ጊዜው ላይ ነው። ስኳር አፍ ውስጥ በገባ ቁጥር ባክቴሪያው አሲድ ይሠራል፣ የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ወደ 5.5 ሲወርድ የጥርሱ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ማዕድን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ይህን መልሶ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። እኔ በየአስር ደቂቃው ፉት ስል ያ ግማሽ ሰዓት መቼም አይመጣም። ሻይ አልተውኩም፤ ከምግብ ጋር ወይም በአንድ ጊዜ ጠጥቼ እጨርሳለሁ፣ በመሐል ውሃ ነው። ኮምጣጣ ነገር ከበላሁ ወይም ከጠጣሁ በኋላ ደግሞ ወዲያው አልቦርሽም፤ አሲድ ያለሰለሰውን ሽፋን ብሩሽ ይፍቀዋል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። በሎሚ ጥርስ ማንጣት የሚሉት ነገርም በዚሁ ምክንያት ጥርስ መፋቅ ነው፣ አትሞክሩት።

በዚህ መሐል ልጄን ይዤው ሄድኩ። ስድስት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ አፉን አዩና «ይህቺን አይተሻታል?» አሉኝ። ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አዲስ መንጋጋ ብቅ ብላለች። አላየኋትም ነበር፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ በባዶ ድድ ላይ ስለምትበቅል ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ናት፣ ትወልቃለች ብሎ ያልፋታል። ቋሚ ናት። ዕድሜ ልኩን የሚያኝክባት ናት። ላይዋ ደግሞ ጥልቅ ስንጥቅጥቅ ስላለው ቶሎ ትቦረቦራለች። ያንኑ ቀን ስንጥቁን የሚደፍን ስስ ሽፋን ቀቡለት፤ አያምም፣ መቆፈርም የለም። አሁን ማታ ማታ ከኋላው ቆሜ፣ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ አተር የምታህል ሳሙና አድርጌ እኔው እቦርሽለታለሁ። እሱ ብቻውን ሲቦርሽ ያቺ የኋላዋ ጋ አይደርስም። ልክ እንደ እናቱ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ያቺ ቀጭን ዘንግ ወጣች፣ እኔም አፌን ከፍቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። «ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት።» ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ። እጄ ወንበሩን ጨብጧል። «ሦስት። ሦስት። አራት።»

«ደም የለም» ብለው አስጻፉ።

ያቺ አራት ላይ የቀረችው ከክራውኑ ጎን ያለችው ናት። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ መጀመሪያ የሚለኩት እሷን ነው።