ፓውዛው ወደ ሰማይ ምን ይፈልጋል?

አቦ ስለ ድሬ ሙቀትና ስለ ባጃጇ ስንት ተወራ፣ ስለ ሰማይዋ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ግንቦት ላይ ማታ ሶስት ሰዓት አካባቢ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የሽንሌን መንገድ ይዛችሁ ብትቆሙ፣ በሰሜን በኩል የሰሜን ኮከብ አድማሱ ጋ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ዞር ስትሉ ደግሞ በተራሮቹ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባሉት በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ኮከቦች አሉላችሁ። ሁለቱም በአንድ ማታ! አውሮፓ ያለው መስቀሉን አያገኝም፣ አውስትራሊያ ያለው የሰሜኑን አያይም፣ እኛ ከምድር ወገብ ወደ 9 ዲግሪ ተኩል ብቻ ስለራቅን ሁለቱም ደርሶናል።

ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ግን ሞክሩት እስቲ። የድሬ ሰው እኮ ሙቀቱ ሲበረታ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛ ሰው ነው፣ ልጅ ሆነን ሌሊት ሽንት ቤት ስንነሳ ፍኖተ ሐሊብ (ያ ነጭ የከዋክብት መንገድ) ከላያችን ተዘርግቶ ስለምናየው ብርቃችንም አልነበረም። አሁን ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ያሳየኛል፣ "ይሄን ነው?" እያለ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ድሮ የመንገድ መብራቱ ብጫ ነበር፣ አሁን ነጭ ኤልኢዲ ሆነ። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ በዚህ አንጣላም፣ ግን ነጩ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ይበዛል፣ ሰማያዊ ደግሞ አየር ላይ ከብጫው በላይ ይበተናል (ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው)፣ በዛ ላይ የኛን አቧራ ጨምሩበት፣ ኮከቡ በዚህ በተበተነው ብርሃን ይዋጣል። ደግሞ ርካሽ ስለሆነ አንድ ይበቃ የነበረበት ቦታ ሶስት ይሰቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ከ50 ሺህ በላይ ተራ ሰዎች ከ2011 እስከ 2022 ከየሰፈራቸው የሚታያቸውን ኮከብ እያዩ የመዘገቡት ሲሰላ የሌሊቱ ሰማይ ብርሃን በየዓመቱ በአማካይ 9.6 በመቶ ጨምሯል። 250 ኮከብ የሚታይበት ሰፈር የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው 100 ገደማ ይቀሩታል ማለት ነው። አብዛኛው መዝጋቢ አውሮፓና አሜሪካ ነው፣ እሺ፣ ግን አምፖሉ አንድ ነው። የሌሊቱን ብርሃን ከላይ ሆነው የሚለኩት ሳተላይቶች ይህን ያህል ጭማሪ አላሳዩም ነበር፣ ሰማያዊውን ብርሃን በደንብ አያነቡማ።

ጨለማ ይሁን እያልኩ አይደለም፣ ማታ ከስራ ወጥታ የደቻቱን ወንዝ የምትሻገር ልጅ መብራት ያስፈልጋታል። የኔ ጥያቄ አቅጣጫው ነው። ሰማዩን ማብራት ለማን ይጠቅማል?

ጎረቤታችን ጋሼ ሌባ ፈርተው በራቸው ላይ ፓውዛ ሰቀሉ፣ ፓውዛው ወደ ላይ ተንጋሎ ግማሹ ብርሃን እኛ ግቢና ሰማይ ላይ ነው። ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ብላቸው "ሌባው እንዲመቸው ነው?" አሉኝ። እሳቸውን ከመንገዱ ማዶ አቁሜ እኔ ከፓውዛው ስር ግንቡን ተጠግቼ ቆምኩና "ጋሼ፣ በየትኛው እጄ ነው ስልኬን የያዝኩት?" አልኳቸው። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው ትንሽ ታገሉና "ወይ ጉድ፣ አንተንም አላየሁህም" አሉ፣ መሰላሉን ራሳቸው አመጡ።

ፍላግስታፍ የምትባል የአሜሪካ ከተማ የኮከብ መመልከቻዋን ብላ ገና በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚበራ ትልቅ መብራት በህግ ከልክላለች። እኛ ጋ ህጉ እስኪመጣ ብየዳ ቤት አለ፤ ከላሜራ ኮፍያ አሰርተን ፓውዛው ላይ ገጠምንለት፣ አሁን በሩ ስር መርፌ ቢወድቅ ይታያል፣ የኛም ግቢ አረፈ። ጋሼ "ኮፍያው ላይ ቁራ እያረፈ አስቸገረኝ" እያሉ ነው፣ እሱን ለብየዳው ልጅ ይንገሩት ብያቸዋለሁ።