ጎልፍ ያለ ካዲ?

ዛሬ ሜዳው ላይ የተጫዋቹን ቦርሳ ከሚሸከመው ረዳት፣ ከካዲ ይልቅ ጋሪ በዝቶ ዋለ። ጋሪ ቦርሳ ይሸከማል እንጂ ኳስ የት እንደወደቀች አያይም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ኳስ መፈለጊያው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ኳሷን እስክትቆም በዓይኑ የሚከተል ካዲ ካለ ጨዋታው አይጓተትም።

ግሪኑንም (ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሣር) እዩት። ኳስ ወድቃ የሰረጎደችውን ቦታ ብዙ ተጫዋች የመጠገኛ ሹካውን ከሥር አስገብቶ ወደ ላይ ይፈነቅለዋል። ሥሩ ይበጠስና ሣሩ ይደርቃል። የሠለጠነ ካዲ ግን ከዙሪያው ወደ መሃል ገፋ ገፋ ያደርግና በፓተሩ (ግሪን ላይ በሚመታበት ዱላ) መታ መታ አድርጎ ያስተካክለዋል፤ በቃ።

ደግሞስ የነገው ተጫዋች ከየት ይምጣ? አሜሪካዊው ጎልፈኛ ፍራንሲስ ዊሜት ወደ ጎልፍ የገባው በካዲነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ትልቁን የአሜሪካ ውድድር ዩኤስ ኦፕንን በ20 ዓመቱ ሲያሸንፍ ቦርሳውን የያዘለት ኤዲ ሎውሪ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። የአባልነት ክፍያ ለማይችል ልጅ ከዚህ የቀረበ በር የለም።

ለጀማሪ ካዲ ተጫዋቹ የሚመታበትን ዱላ (ክለብ) መምረጥን አታስቀድሙበት። መጀመሪያ ኳስ መከታተል፣ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) መደልደል፣ ጥላውን ከፓት መስመር (ኳስ ግሪን ላይ ወደ ቀዳዳው ከምትንከባለልበት) ላይ ማንሳት ይልመድ። ነፋስ ማንበቡ ቀስ ብሎ ይመጣል።